ነፍስ ያለው ክምር

እትዬ ክንድ የሚለውን ቅጽል ያወጡላት የመኖ ማቀነባበሪያው ጫኝና አውራጆች ናቸው። መቼም ጫኝ ወገቡ ቢጎብጥም ስም ለማውጣት ጊዜ አያጣም። ሴትየዋ ልብስ ስታሰፋ ቀኝ እጅጌውን ብቻ ሰፋ አስደርጋ፣ ግራውን እንደማንኛውም ሰው ታስጠብባለች። ልብስ ሰፊው መጀመሪያ ሰሞን «እትዬ፣ አንዱ እጅዎ ወፍራም ነው እንዴ?» ብሎ ጠይቋት ነበር። አሁን ለምዶታል።

ሥራዋ እርጥብ እህል መገመት ነው። ዝናብ ያገኘው፣ ሳይደርቅ የተከመረው፣ ለሰው አይሆንም የተባለው እህል ሲኖር እሷ ትጠራለች። ሰዓቷን ትፈታለች፣ ቀኝ እጅጌዋን ትጠቀልላለች፣ ከዚያ ክንዷን ክምሩ ውስጥ እስከ ብብቷ ከትታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እስከ መቶ ትቆጥራለች። ክንዷን ስታወጣ ፍርዷን ትናገራለች። ያላት ሦስት ፍርድ ብቻ ነው። «ነፍስ አለው» ካለች፣ ተለይቶና ደርቆ ለከብት ይሆናል ማለት ነው። «ያቃስታል» ካለች ዛሬውኑ መበተን አለበት፤ ነገ የሚባል ቀን የለውም። «አርፏል» ካለች ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ዶሮ እንኳ እንዳይቀምሰው አፈር ይለብሳል። አንዴ የተናገረችውን ደግሞ አትደግመውም።

ማሽን የለም እንዳይባል ማሽን አለ። የእርጥበት መለኪያው በጥቁር ቦርሳ ተይዞ ከመኪናው ጋር አብሮ ይዞራል፤ የሚይዘው ሾፌሩ ነው። ይህ ሾፌር መላጣ፣ ደስተኛና ችኩል ሰው ነው፤ ከሁለት ቃል አንዱ «ቶሎ» ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ይሉታል። ማሽኑ ቁጥር ይናገራል፤ ባለ እህሉ ግን ቁጥሩን ሰምቶ ሲያበቃ ዓይኑን ወደ እትዬ ክንድ ክንድ ያዞራል።

ሦስቱ ቃላት የእሷ አይደሉም፤ የባሏ ናቸው። ባሏ የእናቱን የእህል መጋዘን የሚጠብቅ፣ ክምርን እንደ በሽተኛ የሚጠይቅ ቀልደኛ ሰው ነበር። ጠዋት በሩን ከፍቶ «ታማሚያችን እንዴት አደሩ?» ይላል፤ ክንዱን ይከታል፤ ጮክ ብሎ ይቆጥራል። ሚስቱንም እናቱንም ያስተማረው እንዲሁ እየቀለደ ነው። «ከመቶ በፊት የሚናገር ክንድ ውሸታም ነው» ይል ነበር። እውነቱን ነው። እርጥብ እህል ተንኮለኛ ነው። ላዩ ቀዝቅዞ ሆዱ ይነዳል። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ፣ መጀመሪያ ለብ ይላል፣ ቀጥሎ ደስ የሚል ጣፋጭ ሽታ ያመጣል፣ ከዚያ ይሻግታል፣ ሲብስበትም ማንም ሳይለኩሰው መጨስ ይጀምራል። ባለቤቱ ደግሞ አፍሮ ይደብቀዋል፤ በደረቁ ይሸፍነዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የተባለው ለሰው ብቻ አይመስለኝም።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ያው እርጥብ እህል ባሏን በላው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሮጌው መጋዘን ከግድግዳው ሥር እህል የሚወጣበት የብረት መዝጊያ አለው። ያን ቀን መዝጊያው ተከፍቶ በቆሎው ከሥር ይወርድ ነበር፤ ላዩ ግን እርጥበት ይዞት ስለተጋገረ እንደ ጣሪያ ተንጠልጥሎ ቀረ። ከሥሩ ባዶ ነው። ባልየው ዘንግ ይዞ፣ እየቀለደ፣ ያን ቅርፊት ሊሰብር ወጣበት። ቅርፊቱ ተሰበረ። እሷ በር ላይ ነበረች። ግድግዳውን ተደግፋ ወጥታ ክንዷን እስከ ብብቷ ሰደደች፤ ጣቶቹን አገኘች። ሞቃት ነበሩ። ሦስት ጊዜ ጨበጥ፣ ጨበጥ፣ ጨበጥ አደረጓት። ከዚያ ለአካፋ ብላ ለቀቀችው።

አካፋው ከበሩ ጀርባ ነበር፤ አሥር እርምጃ አይሞላም። ስትመለስ ግን እጁን አላገኘችውም። ሰው ተሰብስቦ ሲያወጡት መዳፉ ወደ ላይ ተከፍቶ ነበር። ማንም ቢሆን ለአካፋ ሲል ይለቅ ነበር። ይህን ለራሷ ስንት ጊዜ ነግራታለች፤ ራሷ ግን ሰምታት አታውቅም። ስለ መልቀቋም ሆነ ሦስት ጊዜ ስለ ጨበጧት ጣቶች ለነፍስ አባት እንኳ ትንፍሽ አላለችም።

አማቷ ያን ሰሞን ለዓይናቸው ሕክምና ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ዓይናቸውም አልተመለሰ፣ ልጃቸውም አልቆየ፣ እሳቸው ሲወጡ ቀብሩ አልቋል። ቤት ገብተው ነገሩ ሲነገራቸው «ገብቷል በሉኝ። አርፏል እንዳትሉኝ። እኔ በእጄ ያልነካሁትን አላምንም» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወንበራቸውን በረንዳው ላይ ወደ አሮጌው መጋዘን አዙረው ይቀመጣሉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እማማ ግን ሞኝ አልነበሩም። ሒሳባቸው ልክ ነው፣ ጨዋታቸው ይጣፍጣል፣ የሰው ስም አይሳሳቱም። ብቻ አንዳንዴ ጨዋታውን አቋርጠው ጆሯቸውን ወደ ተቆለፈው በር ያዘነብሉና «አሳለው» ይላሉ። ሰሚው ቆሌው ይገፈፋል። «አርፏል» የምትለዋ ቃል ከዚያ ግቢ ጠፋች፤ ጎረቤት ሲሞት እንኳ ሌላ ቃል ይፈለግለታል።

እትዬ ክንድ ከከተማ ክፍል ተከራይታ ሄደች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያን በር አልረገጠችም። ሥራዋ ግን ያው ሥራ ሆነ፤ የሰውን ክምር ሁሉ ክንዷን እየከተተች ትፈትሻለች። «ባልሽን የበላውን ነገር እንዴት ትነኪያለሽ?» የሚሏት አሉ። እጅጌዋን ትጠቀልላለች።

የባሏ እህት የደወለችላት በማይዘንብበት ወር ሦስት ቀን ሙሉ ዘንቦ ባባራ በሳምንቱ ነው።

«እትዬ፣ በቆሎው ሞቀብኝ።»

«የት ነው የከመርሽው?»

«የአዲሱን መጋዘን ጣሪያ ነፋስ ወሰደው» አለች የባሏ እህት። «የት ላድርገው? አሮጌው ውስጥ አስገባሁት። የቸገረው እርጉዝ ያገባል አይደል የሚባለው?» አፍንጫዋን ሳብ አድርጋ ቀጠለች። «ድርቆሹም በስብሷል፣ እትዬ። አሥራ ሁለት ከብት አለኝ። ሣር እስኪበቅል የሚያደርሳቸው ይኸው በቆሎ ብቻ ነው። እሱ ከሄደ ከብቶቼን ልሰናበታቸው ነው። ሌላ ገማች ላኩልኝ እንዳልል፣ ያንቺን ክንድ ያህል የማምነው የለም።»

እትዬ ክንድ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ቀኝ እጇን በግራዋ ይዛ ብዙ ቆየች።

በማግስቱ ጠዋት ቶሎ ቶሎ መኪናውን እየነዳ፣ እያፏጨ፣ መንገዱን እየተሳደበ አደረሳት። ግቢው እንደነበረ ነው። የውሃው በርሜል፣ የተሰነጠቀው የሲሚንቶ ወለል፣ በረንዳው ላይ ያለው ወንበር። እማማ ወንበሩ ላይ ናቸው፤ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገዋል። የመኪናውን በር ድምፅ ሰምተው ቀና አሉ እንጂ አልተናገሩም። እትዬ ክንድም ሰላም ሳትላቸው አለፈች። ይህን ስታደርግ ልቧ አዘነባት።

አሮጌው መጋዘን ይተነፍስ ነበር። በብርዱ ጠዋት ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ነጭ እንፋሎት ቡልቅ ይላል፣ ቆም ይላል፣ ደግሞ ቡልቅ ይላል። የግቢው ውሻ ከበሩ ሃያ እርምጃ ርቆ በሆዱ ተኝቷል፤ ቢጠሩትም አይነሳም። ሾፌሩ ዙሪያውን ቃኘና «ወፍ የለም» አለ። እውነትም የለም። በቆሎ ያለበት ቤት ጣሪያ ላይ ወፍ አለመኖሩ ደስ አይልም።

«ነፋሱ ነው» አለች የባሏ እህት፤ ቁልፉን እያዞረች። «በሩ ሥር ክፍተት አለ። ነፋስ ሲገባ ነው እንዲህ የሚያደርገው።» ማንም ሳይጠይቃት ነበር የተናገረችው።

ውስጡ ሞቃት ነበር። ግድግዳው አልቦታል። ክምሩ ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ ከኋላኛው ግድግዳ ጋር ተደግፏል። አናቱ ላይ፣ ልክ መሃሉ፣ ሰርጉዷል፤ በቆሎው ሁሉ ወደዚያ ያዘነበለ ይመስላል።

እትዬ ክንድ ዓይኗን ከጎድጓዳው ሳታነሳ «መዝጊያውን ከፍተሽዋል?» አለች።

«እኔ? እንኳን ልከፍተው አልተጠጋሁትም። ዝግ ነው። ግን በየጠዋቱ መሃሉ ዝቅ ብሎ ነው የማገኘው። አንድ ነገር ከሥር የሚስበው ይመስላል።»

«ሲግልና ሲበሰብስ ይረግባል» አለ ቶሎ ቶሎ። «ምንም ጉድ የለውም።»

እትዬ ክንድም ታውቃለች። ሃያ ዓመት የሠራችበት ነገር ነው። ማወቅና አለመፍራት ግን ለየቅል ናቸው።

ሾፌሩ መለኪያውን ወጋ አደረገው። ቁጥሩ ዘለለ፣ ወጣ፣ ወጣ፣ ከዚያ መስታወቱ ባዶ ሆነ። መታ መታ አደረገው፤ ያው ባዶ ነው። «ከአቅሜ በላይ ነው ይላል። እንደኔ እንደኔ፣ እትዬ፣ ይሄ ነገር አር…»

የባሏ እህት ዘላ አፉን በመዳፏ ከደነችው። «እዚህ ግቢ ውስጥ እሷን ቃል እንዳትናገራት! እማማ ይሰማሉ!»

እትዬ ክንድ ሰዓቷን ፈትታ ለሾፌሩ ሰጠችው። እጅጌዋን ጠቀለለች። ከጎን በኩል ክምሩ ሥር ተንበረከከችና ክንዷን ሰደደች።

የመጀመሪያው ስንዝር ቀዝቃዛና የሚያዳልጥ ነበር። ክርኗ ሲገባ ለብ አለ። አሥር፣ አሥራ አንድ። ትከሻዋ ክምሩን ሲነካ ጣቶቿ ከትኩሳታም ሰው ብብት የገቡ ያህል ሞቃቸው። ሠላሳ። ሽታው ገና ጣፋጭ ነው፤ ይህ ጥሩ ምልክት ነው፣ ሻጋታው ሆዱ ውስጥ እንጂ ጎኑ ላይ አልደረሰም ማለት ነው። አርባ። ፍሬው ጣቷ መሃል ሲፈተግ አይላላጥም፤ ይህም ጥሩ ነው። ስድሳ። ስድሳ አንድ ስትል፣ ጣቶች ጣቶቿን ያዙ።

ቀጭኖች ነበሩ፤ ሞቃትና እርጥብ። በጣቶቿ መሃል ገብተው የእናቱን አንገት እንዳቀፈ ሕፃን ዝም ብለው ያዟት። ሌላ ሰው ቢሆን ይጮህ ነበር። እሷ ግን አልጮኸችም፤ ክንዷንም አላወጣችም። አንዴ ለቅቃለች፤ ሁለተኛ አትለቅም። ስድሳ ሁለት፣ ስድሳ ሦስት እያለች ቀጠለች። እንባዋ በአፍንጫዋ ጎን ወረደ። መቶ ስትሞላ የያዛት ነገር ራሱ ላላ አለ፣ ቀስ ብሎም ለቀቃት።

ክንዷን አወጣች። ቆዳዋ ቀልቷል፤ እንፋሎት ይወጣበታል።

«ነፍስ አለው» አለች።

ስለ በቆሎው ይሁን ስለ ሌላው ነገር፣ እንደዚያ ስትል ራሷም አላወቀችም። የሃያ ዓመት ሥራዋን አንድ ቀን ያልዋሸችበት ሴት፣ ያን ቃል ምን አፏ ላይ እንዳመጣው እርግጠኛ አልነበረችም። ከብቶች ቢበሉትና ቢሞቱስ? ይህ ሐሳብ የመጣባት ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው፤ የባሏ እህት ግን አንገቷን አቅፋ ታለቅሳለች፣ ቶሎ ቶሎ «ሸራ! ሸራ እናምጣ! ቶሎ!» እያለ ወደ መኪናው በርሯል።

በረንዳው አጠገብ ሲያልፍ እማማ ጠሩት። «አንተ ልጅ። ማን ነው የመጣችው? ልጄ ናት አይደል፣ ባለ ክንዷ?»

«አዎ እማማ! እሷ ናት!»

«ክንዷን ከተተች?»

«እስከ ብብቷ!»

የእማማ እጅ የወንበሩን ጠርዝ ጨበጠ። «እሱ… ነፍስ አለው?»

እንግዲህ ሌላ ሰው ቢሆን «ማን?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ቶሎ ቶሎ ግን ጠያቂ አልነበረም፤ እህልም «እሱ» ነው፣ ክምርም «እሱ» ነው። «አዎ እማማ! ነፍስ አለው! በእጇ ነክታ ነው ያረጋገጠችው!» ብሎ ጮኸ፤ ሰባት ቤት ድረስ ተሰማ።

እማማ ያለ በትራቸው ተነሡ። ዘጠኝ ዓመት በሐሳባቸው ሲለማመዱት እንደኖሩ ሁሉ፣ ደረጃውን ሳይደናቀፉ ወርደው፣ ግቢውን በቀጥታ አቋርጠው፣ የመጋዘኑን በር አለፉ። እትዬ ክንድ ቀና ስትል አሮጊቷ ክምሩን በሁለት እጃቸው ይዘው መውጣት ጀምረዋል። ፊታቸው በርቷል። «መጣሁ፣ አባቴ! መጣሁልህ!» ይላሉ። አናቱ ላይ ያለው ቅርፊት ከሥሩ ባዶ እንደሆነ እትዬ ክንድ ያን ጊዜ ነው የታያት። ዝቅ ያለው መሃል፣ የተጋገረው ላይ፣ ያው ነው። የፈሩት ይደርሳል።

«እማማ! አይውጡ!»

«ነክተሽዋል፣ የኔ ልጅ። አንቺ ዋሽተሽ አታውቂም። ተይኝ ላውጣው!»

እውነቱ ምላሷ ላይ ነበር። እኔ ያልኩት በቆሎውን ነው፣ እማማ። ግን ይህን ብትላቸው ይሰሙ ይሆን? ጉልበታቸው በቆሎው ውስጥ ገብቷል፤ ሁለት እርምጃ ቢጨምሩ ቅርፊቱ ላይ ናቸው። እትዬ ክንድ ቀሚሳቸውን ጨብጣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እማማ፣ ከላይ አይደለም። ከጎን ነው የሚወጣው። ከላይ ከረገጡት ይደረመስበታል።»

እማማ ቆሙ። «ከጎን?»

«ከጎን። እኔም የነካሁት ከጎን ነው።»

አሮጊቷ ቀስ ብለው ወረዱ፣ ተንበረከኩ፣ በእጃቸው ይዝቁ ጀመር። ምን ይደረጋል? አካፋ ያለው አካፋውን፣ የሌለው ባልዲውን አነሣ።

ወሬ ደግሞ እግር አያስፈልገውም። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ «ክምር የበላው ሰውዬ ነፍስ አለው አሉ!» ተብሎ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። በቀብሩ ላይ አፈር ያለበሱ ሰዎች ሳይቀሩ አካፋ ይዘው ቆመዋል። ቀባሪዎቹ መሆናቸውን ያስታወሳቸው ሰው ሲኖር «አይ፣ ለማገዝ ነው እንጂ» ይላሉ፤ ግን አንገታቸውን እያሰገጉ ወደ ውስጥ ያያሉ። ሌላ ቀን ለእርዳታ ቢጠሩ ወገቤን፣ ጉልበቴን የሚሉ ሁሉ ያን ቀን ጤነኛ ነበሩ።

እትዬ ክንድ ሥራውን በሥርዓት ያዘችው። መጀመሪያ ጎኑን እየናዱ ቅርፊቱ ሰው በሌለበት እንዲወርድ አደረገች። ሲወርድ ድም የሚል ድምፅ አሰማ፤ ከጎድጓዳው የወጣው ትኩስ አየር የሰዉን ፊት መታው። ሁሉም ወደ ኋላ አፈገፈገ። እማማ ብቻ አልተነቃነቁም። ከዚያ የሚወጣው ሁሉ በሦስት ተለየ። ቢጫው፣ ሽታው ንጹሕ የሆነው፣ ሲሚንቶው ላይ በተዘረጋው ሸራ ላይ ስስ ተደርጎ ተሰጣ። የበቀለው ለብቻው ተዘረጋ። እየተጋገረ እንደ ድንጋይ የሆነው፣ ጥቁሩና አረንጓዴ ብናኝ የያዘው፣ አፍና አፍንጫን በጨርቅ ሸፍኖ ወደ ጉድጓድ ተወሰደ። የባሏ እህት ጥቁሩ በበዛ ቁጥር ከንፈሯን ትነክሳለች፤ ቢጫው ሲወጣ ደግሞ ትተነፍሳለች።

እትዬ ክንድ ክንዷን ከከተተችበት ሥፍራ ሲደረስ አንድ ሰው ጮኸ።

ከክምሩ ውስጥ አምስት ነጫጭ ጣቶች ወጥተዋል።

አካፋዎች ተወረወሩ። በሩ ላይ የነበረው ሰው ግማሹ ሮጠ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ያሉት ይህን ሳያዩ አልቀሩም። ቶሎ ቶሎ ግን፣ ለዚህ እንኳ ያመሰግኑታል፣ ተጠግቶ በሁለት ጣቱ ይዞ ሳበው። ሳይፈለፈል የገባ አንድ የበቆሎ ራስ ነው። እዚያ ሙቀት ውስጥ በቅሎ ነጫጭ ሥሩን ሰዷል፤ ሥሩም ተጎንጉኖ፣ ተጣምሞ፣ እጅ መስሏል።

«ሥር ነው!» አለ። «ይኸው! ሥር!»

ሰዉ ከፍርሃቱ የተነሣ አብዝቶ ሳቀ። እትዬ ክንድ ተቀብላው ጣቶቿን በሥሮቹ መሃል አስገባች። ልክ ናቸው። ሞቃትም ናቸው። እሷም ፈገግ ልትል ነበር፤ ግን አንድ ነገር አልለቀቃትም። መቶ ስትሞላ ራሱ ነበር የላላው። ሥር ይይዛል እንጂ መቼ ይለቃል? ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ሥሩን ከበቀለው መሃል ጣለችው።

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ግቢው ሁሉ ቢጫ ሆኗል። እትዬ ክንድ ጫማዋን አውልቃ በሸራዎቹ መሃል ሄደች፤ ከየቦታው እያፈሰች አሸተተች፣ በጥርሷ ሰበረች፣ የፍሬውን ልብ አየች። ከአራት እጅ ሦስቱ ድኗል። ጠዋት ፈርታ ነበር፤ አሁን ግን ፍርሃቱም ሌላውም ነገር ከውስጧ ወጥቶ ዓይኗ የሚያየው በቆሎውን ብቻ ነው። የባሏን እህት ጠራቻት።

«ሦስት ቀን ፀሐይ፣ በየሰዓቱ ማገላበጥ። ትንሽ ናሙና ለላቦራቶሪ ይሄዳል፤ ወረቀቱ ሳይመጣ አንዲት ፍሬ እንዳትሰጪ። ደህና ነው ካሉሽም ለሚደልቡት ከገለባ ጋር ቀላቅለሽ ነው። ለሚታለቡትና ለጥጆች ከዚህኛው አይሆንም፤ ለእነሱ ሾፌሩ ከፋብሪካ ያመጣል፣ ከዚህ ከዳነው በቆሎ ጋር እንለዋወጣለን።»

«ታዲያ… ከብቶቼ?»

«የትም አይሄዱም።» ከዚያም በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገረችውን ደገመች። «ነፍስ አለው። አሁን አይቼ ነው የምልሽ።»

የባሏ እህት መሬት ላይ ቁጭ አለች። ልክ ያን ጊዜ መጋዘኑ ውስጥ ያለው የአካፋ ድምፅ ቆመ።

ወለሉ ተራቁቷል። እማማ መሃሉ ላይ ተንበርክከዋል፤ ጥፍራቸው ደምቷል። የቀሩትን ፍሬዎች በመዳፋቸው ወደ ጎን ይጠርጋሉ፣ ይዳስሳሉ፣ ይጠርጋሉ። ግድግዳውን ነኩ። የብረት መዝጊያውን ነኩ፤ ዝግ ነው። ጥግ ጥጉን ሁሉ በእጃቸው ዞሩት። ለማገዝ ነው ያለው ሁሉ ዓይኑን መሬት መሬት ተክሏል።

በመጨረሻ ቀኝ መዳፋቸውን ሲሚንቶው ላይ ዘረጉ፣ ራሳቸውን ዘንበል አደረጉ፣ ዓይናቸውንም የሚያዩ ይመስል ጨፈኑ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ሰዉ ጸሎት መሰለው። እትዬ ክንድ ግን አወቀች፤ ይቆጥራሉ። ቆማ አብራቸው ቆጠረች። ሃምሳ። ሰባ። ዘጠና። የልጃቸው ሥርዓት ነው፤ ከመቶ በፊት አይናገሩም።

መቶ ሞላ።

«አርፏል» አሉ እማማ።

ዘጠኝ ዓመት ከዚያ ግቢ ተሰዳ የኖረችው ቃል ተመልሳ ገባች። አነጋገራቸው ሀኪም የሚናገረው ዓይነት ነበር፣ ወይም የመጋዘን ሰው። እትዬ ክንድ ግን አጠገባቸው ተንበረከከች።

«እማማ፣ እኔ ነኝ የለቀቅሁት» አለች። ለቅሶዋ ቃሉን ይቆራርጠዋል። «ይዤው ነበር። ጣቶቹን ይዤ ነበር። ለአካፋ ብዬ… አሥር እርምጃ አይሞላም… ስመለስ…»

እማማ በአየር ላይ ፈልገው ቀኝ ክንዷን አገኙት። እጅጌው አሁንም እስከ ትከሻዋ እንደተጠቀለለ ነው። ከብብቷ ጀምረው እስከ አንጓዋ በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ ጠባሳውን፣ የቀላውን ቆዳ፣ ሁሉንም።

«አውቃለሁ» አሉ። «በየሰዉ ክምር ውስጥ ስትከቺ የምትኖሪውን ነገር የማላውቅ መሰለሽ? የኔ ዓይን እንጂ ልቤ አልታወረም። እኔ በር ላይ ስጠብቀው፣ አንቺ እዚያ ውስጥ ስትፈልጊው፣ ሁለታችንም አላሳረፍነውም።» እጅጌዋን ቀስ ብለው አወረዱት፤ ሰፊው ጨርቅ እስከ አንጓዋ ወረደ። «ይብቃ። አንቺም እጅሽን አውጪ፣ ልጄ።»

ከዚያ ጣቶቿን ያዙ። ጨበጥ፣ ጨበጥ፣ ጨበጥ አደረጓት፤ ሦስት ጊዜ። ለቀቋትም።